ልጄ ይህን ፊልም ብታየው ምን ችግር አለው?

የወሩ ጥያቄ

«የ14 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። በሚቀጥለው ወር የጓደኛዋ ልደት ነው። አምስት ሆነው እዚያው ሊያድሩ፣ ማታም ‹ዘ ባባዱክ› የሚባል ሆረር ፊልም ሊያዩ ተስማምተዋል። የጓደኛዋን እናት ደውዬ ስጠይቃት፣ ‹አይቼዋለሁ፣ ደም እንኳን የለበትም፣ ምንም አይል› አለችኝ። ልጄም ‹ሁሉም አይተውታል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ› ትላለች። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። አባቷ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ፊልሙ ደግሞ አባቱ ስለሞተበት ልጅ እንደሆነ ሰማሁ። ልከልክላት ወይስ ዝም ልበል? ብከለክላት በስልኳ ደብቃ እንደምታየው አውቃለሁ።»

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

አጭሩ መልስ

እህቴ፣ «ደም የለበትም» ያለችዎት እናት አልዋሸችዎትም። ደሙ በእርግጥም ጥቂት ነው። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። አንዳንድ አስፈሪ ፊልም በደም ያስፈራል፤ እንዲህ ያለው ፊልም ግን የሚያስፈራው ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያምነውን ነገር በመንካት ነው። የደሙን ብዛት ቆጥሮ እሱን መመዘን፣ ምግቡ ይስማማል አይስማማም ሲባል የሳህኑን ቀለም እንደማየት ነው።

ስለዚህ በልደቱ ሌሊት፣ በሰው ቤት፣ እርስዎ በሌሉበት አትየው እላለሁ። ጨርሶ አትየው ግን አልልም። እርስዎ አስቀድመው ካዩት በኋላ፣ በቤታችሁ፣ በቀን፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። እንዲያውም ስለማይወራው ነገር ለማውራት በር ሊከፍትላችሁ ይችላል። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት፤ ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅማል።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

መጨረሻውን ጭምር ስለምናገር፣ ሳይነገረኝ ልየው የሚል ሰው ይህን ክፍል ቢዘለው ይሻላል። ወላጅ ግን ማወቅ አለበት።

«ዘ ባባዱክ» እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአውስትራሊያ ፊልም ነው። ጄኒፈር ኬንት ጽፋ ያዘጋጀችው የመጀመሪያው ረጅም ፊልሟ ሲሆን፣ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አሚሊያ የምትባል ሴት ምጥ ይዟት ባሏ ወደ ሆስፒታል እየነዳ ሲወስዳት መኪናው ይጋጭና ባሏ ይሞታል። ልጇ ሳሙኤል የተወለደው አባቱ በሞተበት ቀን ነው ማለት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ልጁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው። እናቱ ልደቱን በዕለቱ አክብራለት አታውቅም። የባሏ ስም ሲነሳ አትወድም፤ ልብሱንና ዕቃውን ምድር ቤት ቆልፋበታለች። ቀን አረጋውያን የሚጦሩበት ተቋም ውስጥ ትሠራለች፣ ማታ እንቅልፍ የላትም። ልጁ ደግሞ ጭራቅ ይመጣል እያለ ከእንጨት መሣሪያ ይሠራል፣ ትምህርት ቤት ያስቸግራል፣ እናቱን አያስተኛም።

አንድ ምሽት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የልጆች መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ አንስቶ አንብቢልኝ ይላታል። መጽሐፉ ሲገለጥ ሥዕሎቹ ብድግ ብለው የሚቆሙ ዓይነት ነው። ውስጡ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጣቶቹ የረዘሙ ጥቁር ፍጡር አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍጡሩ ከቤቱ አይወጣም።

እስከዚህ ድረስ ተራ የጭራቅ ታሪክ ይመስላል። ነገር ግን ፍጡሩ ብዙም አይታይም። ከፊልሙ እኩሌታ በኋላ የምታስፈራው እናትየዋ ናት። እንቅልፍ ማጣቱና ሐዘኑ ያደክማታል፤ ድምፅዋ ይለወጣል፤ ቢላዋ ትይዛለች፤ ልጇን እየጮኸች ታሳድደዋለች። የቤቱን ውሻ በእጇ ትገድለዋለች። የራሷን ጥርስ ነቅላ ታወጣለች። ልጇን ፊት ለፊት አይታው፣ ምነው እሱ ሳይሆን አንተ በሞትክ ብላ የተመኘችበት ጊዜ ብዙ እንደሆነ ትነግረዋለች። አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ፍጡሩ የሞተውን ባል መልክ ይዞ ይመጣል። በፍቅር ያናግራታል፣ ከዚያ ልጁን አምጪልኝ ይላታል። ለእርስዎ ልጅ ከሁሉም የሚከብደው ትዕይንት ይህ ይመስለኛል።

የቀረውን ባጭሩ፦ ስድብ አልፎ አልፎ አለ። እናትየዋ አልጋዋ ላይ ብቻዋን ሆና የምትታይበት አንድ አጭር ወሲብ ነክ ትዕይንት አለ፤ ራቁት ግን አይታይም። የመኪናው አደጋም ለአፍታ በሚዘገንን ሁኔታ ይታያል።

መጨረሻው ፊልሙን ከብዙ ሆረሮች ይለየዋል። ልጁ እናቱን ትቷት አይሸሽም። እናትም በመጨረሻ ጭራቁን ፊት ለፊት ቆማ ልጄን አትነካውም ትለዋለች። ጭራቁ ይሸነፋል፤ አይሞትም ግን። ምድር ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ እሷም በሳህን ትል ሰብስባ ወርዳ ትመግበዋለች። ልጁም ለመጀመሪያ ጊዜ ልደቱ በልደቱ ቀን ይከበርለታል። ጭራቁ ሐዘን እንደሆነ ትልልቅ ልጆች ራሳቸው ይደርሱበታል። ሐዘንን ገድሎ መገላገል እንደማይቻል፣ ቦታ ሰጥቶ አብሮ መኖር ግን እንደሚቻል የሚናገር ፊልም ነው።

ስለዚህ መጥፎ ፊልም አይደለም፤ ቀላል ፊልምም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ኤግዞርሲስት»ን ያዘጋጀው ዊልያም ፍሪድኪን እንኳን ይህን ያህል የሚያስፈራ ፊልም አይቼ አላውቅም ብሎ በአደባባይ ተናግሮለታል።

አዘጋጇ ለሕፃኑ ያደረገችለት ጥንቃቄ

ስለዚህ ፊልም ሳስብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንድ ነገር አለ። ሳሙኤልን ሆኖ የተወነው ኖኣ ዋይዝማን በቀረጻው ጊዜ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ኬንት ታሪኩን የነገረችው ለዕድሜው በሚሆን መልኩ ነበር፤ እናቱም በቀረጻው ቦታ አልተለየችውም። አሚሊያ ልጇን በክፉ ቃል የምትናገርባቸው ትዕይንቶች ሲቀረጹ ደግሞ ሕፃኑ እዚያ አልነበረም። ተዋናይቷ ኤሲ ዴቪስ የጮኸችው በእሱ ቦታ በጉልበቱ ተንበርክኮ በቆመ አዋቂ ሰው ላይ ነበር።

ልብ ይበሉ። ሕፃኑ ጨለማውንም፣ ጭራቁንም፣ ሩጫውንም ተወኗል። እንዳይሰማው የተደረገው እናት ለልጇ የምትናገረው ቃል ነው። ፊልሙን የሠራችው ሴት ልጅን የሚጎዳው የቱ እንደሆነ እንዲህ ለይታ አውቃለች። እኛም ልጆቻችንን ሶፋው ላይ ስናስቀምጥ ልንጠይቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።

የዕድሜ ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

እንግሊዝ አገር ይህ ፊልም «15» የሚል ምልክት ተሰጥቶታል። እዚያ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲኒማ ቤት ገብቶ ሊያየው አይችልም። ይህ አንድ ምልክት ነው፤ ልጅዎ ደግሞ 14 ናት። ቁጥሩን አልንቀውም፤ ፊልሙን ከፍ ዝቅ አድርገው ያዩ ባለሙያዎች የሰጡት ነውና መነሻ ይሆናል። መድረሻ ግን አይሆንም።

ለምን ቢሉ፣ ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «ዘ ሲክስዝ ሴንስ»ን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ሙታን የሚታዩት ልጅ ታሪክ ነው። አሜሪካ «ፒጂ-13» ብላ አሳልፋዋለች። ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣ ሲሆን፣ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ አጥብቆ ይጠንቀቅ ማለት እንጂ ክልከላ አይደለም። እንግሊዝ ግን ለዚያው ፊልም «15» ሰጥታዋለች። ያው ፊልም፣ ያው ልጅ፣ ሁለት ፍርድ።

ቁጥሩ ደም ብቻ እንደማይቆጥርም ማወቅ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ዘ ኮንጁሪንግ» ብዙ ደም የለበትም፤ ሆኖም አሜሪካ ውስጥ «አር» ተሰጥቶታል፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አዋቂ አሳዳጊ አይገባም ማለት ነው። ምክንያቱ ፍርሃቱ ራሱ መክበዱ ነበር።

ደግሞም ፊልም ወደ እኛ ቤት የሚመጣው ትኬት በሚቆርጥ ሰው ፊት አልፎ አይደለም። በቴሌግራም ይመጣል፣ በፍላሽ ከክፍል ጓደኛ ይመጣል፣ በዲሽ ይመጣል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። ትኬት ቆራጩ እርስዎ ነዎት።

ልጅ በየዕድሜው የሚፈራው ይለያያል

አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጆአን ካንተር ልጆች ከፊልምና ከቴሌቪዥን የሚያተርፉትን ፍርሃት ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ከግኝታቸው ለወላጅ የሚጠቅመው፣ ትንሹ ልጅና ትልቁ የሚፈሩት ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። ትንንሽ ልጆችን የሚያስፈራቸው መልክ ነው፤ ጥርስ፣ ጥፍር፣ አስቀያሚ ፊት። «ውሸት እኮ ነው» ቢሏቸው ብዙም አያረጋጋቸውም። ከፍ ሲሉ መልኩ ይተውና በእውን ሊሆን የሚችለው ማስፈራት ይጀምራል። ታዳጊዎች ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የማይታየው ይከብዳል፤ እብደት፣ ብቸኝነት፣ የቤተሰብ መፍረስ፣ የሚወዱት ሰው መለወጥ።

ስለዚህ «ትልቅ ልጅ ናት፣ ጭራቅ አያስፈራትም» የሚለው እውነት ሆኖ ሳለ ሊያታልለን ይችላል። የ14 ዓመት ልጅ ባርኔጣ ባደረገው ፍጡር ትስቅበት ይሆናል። በእናትየዋ ፊት ግን አትስቅም።

ካንተር ከክሪስተን ሃሪሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ልጅ ወይም ታዳጊ ሳላችሁ አይታችሁት ክፉኛ ያስፈራችሁ ነገር አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ከ10 ዘጠኙ አለ ብለዋል። ሩብ ያህሉ ደግሞ ፍርሃቱ ጥናቱ እስከተደረገበት ቀን ድረስ አልለቀቀንም ነበር ያሉት። ልጁ ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም። ግን «አንድ ሌሊት ነው፣ ይረሱታል» ብሎ ማለፍ ሁልጊዜ አይሠራም።

በእኛ ቤትስ?

እኛም ያደግነው እየፈራን ነው። ጭራቅ ይበላሃል፣ አያ ጅቦ መጣ እየተባልን ነው የተኛነው። አንዳንድ ወላጅ «እኛስ ምን ሆንን?» የሚለው ለዚህ ነው። ሆኖም ተረት ነጋሪው አጠገባችን ነበር። አያታችን ዓይናችንን እያየች ነበር የምትነግረን፤ ከፈራን ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ካስፈለገም ጭራቁን ቶሎ ገደል ትከተዋለች። ስክሪን ዓይናችንን አያይም። ልጁ ቢፈራም ባይፈራም በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። አብሮ የሚቀመጥ ወላጅ የሚያስፈልገው ያንን የአያት ቦታ ለመያዝ ነው።

ሌላው ጉዳይ ሐዘን ነው። በፊልሙ ውስጥ ካሉት አሳዛኝ ነገሮች አንዱ የሴትዮዋ ብቸኝነት ነው፤ ዕድርተኛ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ቡና አፍልታ አብራት የምትቀመጥ ጎረቤት የለም ማለት ይቻላል። ይህ እኛን አይመለከትም እንል ይሆናል። ለቅሶ ላይ ጎበዞች ነን፤ አርባው፣ ሙት ዓመቱ በወግ ይወጣል። ግን ልጁን የት ነበር ያደረግነው? ብዙ ቤት ልጅ ለቅሶው እስኪያልፍ ዘመድ ጋር ይላካል። «አባትሽ ውጭ አገር ሄዷል» የተባለች፣ እውነቱን ከሰፈር ልጅ አፍ የሰማች ልጅ ጥቂት አይደለችም። ሰው ተበትኖ በሩ ከተዘጋ በኋላም እናት ሳይታወቅባት መኝታ ቤቷ ታለቅሳለች፤ ልጅ ደግሞ እናቴን አስለቅሳታለሁ ብላ የአባቷን ስም አታነሳም። ሁለቱም ለመተዛዘን ብለው ዝም ይላሉ። ፊልሙ የሚያወራው ስለዚህ ዝምታ ነው። የእርስዎ ቤት እንዲህ ነው አይደለም የሚለውን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ፊልም ሲቀርብልዎ የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

ይህ ዝርዝር ለ«ዘ ባባዱክ» ብቻ አይደለም። ልጅዎ ነገ ሌላ ስም ይዛ ስትመጣም ያገለግላል።

1. የሚያስፈራው ምንድን ነው? ከውጭ የመጣ አውሬ ነው ወይስ ቤት ውስጥ ያለ ሰው? አውሬን ሮጦ ማምለጥ ይቻላል። የምታስፈራው እናት ወይም አባት ከሆነ ግን ልጅ የሚሸሽበት አጥቶ ይቀራል፤ ይህ ፍርሃቱን እጥፍ ያደርገዋል።

2. ያ ነገር እኛ ቤት አለ? ሞት፣ ፍቺ፣ መጠጥ፣ የሚጮህ ወላጅ፣ የአእምሮ ሕመም። እምነትም እዚህ ይገባል። «ዘ ኮንጁሪንግ» ርኩስ መንፈስ ስለያዛት ሴት ነው። ይህ ለአንድ ቤት ተረት ሊሆን ይችላል፤ ጠበል ቦታ ላይ ሰው ሲጮህ በዓይኗ ላየች ልጅ ግን የምታውቀው ነገር ነው። ሁለቱን እኩል አያስፈራቸውም።

3. መጨረሻው ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሪ አስተር «ሄሬዲተሪ»ም ስለ ሐዘንና ስለ ቤተሰብ ነው። ግን ማንንም አያድንም፤ ቤተሰቡን ደረጃ በደረጃ ያፈርሰዋል፤ የሚዘገንኑ ትዕይንቶችም አሉበት። ለታዳጊ አልመክረውም። «ዘ ባባዱክ» ግን ልጁንም እናቱንም ይዞ ይወጣል። ልጅ ከባድ ነገር ልትሸከም ትችላለች፤ ማውረጃ ቦታ ይኑራት እንጂ።

4. ልጄ ስትፈራ ምን ትሆናለች? ትስቃለች፣ ታወራዋለች፣ ወይስ ዝም ብላ ትይዘዋለች? የምታወራዋ ብዙ አታሳስብም። ምንም አልፈራሁም ብላ ለሳምንት መብራት ሳታጠፋ የምትተኛዋ ናት የምታሳስበው።

5. ከማን ጋር፣ የት፣ በስንት ሰዓት? በልደት ሌሊት አምስት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ፣ የፈራ ልጅ ፈራሁ ብሎ መውጣት አይችልም። መሳቂያ ይሆናል። «አጥፉት» ማለት የማይቻልበት ቦታ ለከባድ ፊልም ጥሩ ቦታ አይደለም።

እነዚህን ጥያቄዎች በሌላ ቤት ብንመልሳቸው መልሱ ሌላ ይሆናል። ወላጆቿ ያሉ፣ በደንብ የምትተኛ፣ ስላየችው የምታወራ የ15 ዓመት ልጅ «ዘ ባባዱክ»ን አይታ ለወር ያህል የምትከራከርበት ድንቅ ፊልም ልታገኝበት ትችላለች። ከ13 በታች ላለ ልጅ ግን ማንም ቢሆን አልመክርም።

አሁን ወደ እርስዎ ልጅ

በመጀመሪያ ብቻዎን ይዩት። ከባድ ሊሆንብዎት እንደሚችል እገምታለሁ፤ እርስዎም ባል ያጡ እናት ነዎት። ካልቻሉት ያቁሙት። እርስዎ ያልቻሉትን ለልጅዎ ይደር ቢሉ ነውር የለውም።

ሁለተኛ፣ ለጓደኛዋ እናት ይደውሉ። ሙሉ ታሪክ መንገር አይጠበቅብዎትም። «ፊልሙ አባቱ ስለሞተበት ልጅ ነው፤ ለኔዋ ያን ሌሊት ይከብዳታል፤ ሌላ ብትመርጡላቸው» ማለት በቂ ነው። አብዛኛው እናት ይህን ሰምታ እምቢ አትልም። አማራጭ ሲፈለግ ግን ይጠንቀቁ። «ኤ ኳየት ፕሌስ» ይምጣላቸው የሚል ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ አሜሪካ «ፒጂ-13» የሰጠችው ፊልም ነው። በቁጥር ከ«ዘ ባባዱክ» የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን መጀመሪያው ላይ ትንሽ ልጅ ይሞታል፤ መጨረሻው ላይ አባት ልጆቹን ለማዳን ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ለእርስዎ ልጅ አልቀለለም። መፍራት ደስ ካላቸው «ኮራላይን» አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ በአሻንጉሊት የተሠራ ፊልም ነው፤ የሕፃናት ይመስላል፣ ግን በዓይን ፋንታ ቁልፍ የሰፋችው «ሌላኛዋ እናት» አዋቂንም ታስደነግጣለች። በመጨረሻም ልጅቷ እናትና አባቷን አድና ቤቷ ትመለሳለች።

ሦስተኛ፣ ለልጅዎ እውነተኛውን ምክንያት ይንገሯት። «ልጅ ነሽ፣ አይሆንም» ካሏት በስልኳ ታየዋለች፤ እርስዎም ያውቁታል። እንዲህ ቢሏትስ፦ «ፊልሙን አይቼዋለሁ። ጥሩ ፊልም ነው። አባት ስለሞተበት ቤት ነው፤ አንዳንዱ ቦታ እኔንም አስለቅሶኛል። ሰው መሀል ሆነሽ እንዲመጣብሽ አልፈልግም። ማየት ከፈለግሽ ቅዳሜ ከሰዓት አብረን እናየዋለን። ካየሽውም ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።» ይህ ክልከላ አይደለም፤ ቀጠሮ ነው። ታዳጊ ክልከላን ትሰርቃለች፤ ቀጠሮን ግን ብዙ ጊዜ ትጠብቃለች።

ለማየት ከተስማማችሁ በቀን ይሁን፤ መጋረጃው ይከፈት፤ ሪሞቱ እሷ እጅ ይሁን። የአባት መልክ የሚመጣበት ትዕይንት ሳይደርስ አስቀድመው ይንገሯት፤ ድንገት አይምጣባት። ሲያልቅ «ፈራሽ?» ብለው አይጠይቋት፤ መልሱ «አልፈራሁም» ነው የሚሆነው። ይልቁንስ «ጭራቁን ለምን ያልገደለችው ይመስልሻል?» ይበሏት። ያ ጥያቄ ወዴት እንደሚወስዳችሁ አብራችሁ ታያላችሁ። ስለ አባቷ ማውራት ከጀመረች ፊልሙን ይርሱት። ማውራት ካልፈለገችም አይጎትቷት።

ማታ ከፈራች አይሳቁባት። መብራቱ ይብራ፣ በሩ ገርበብ ይበል፣ ከፈለገች እርስዎ ጋር ትተኛ። ፍርሃቱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ እንቅልፏን ከነሳት፣ ትምህርቷን ካስተጓጎለ ወይም ብቻዋን መሆን ካስጠላት፣ ከፊልሙ በፊት የነበረ ነገር ተነስቶ ይሆናልና የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የትምህርት ቤቷን አማካሪ ያናግሩ።

አልፈልግም ካለችም ደስ ይበልዎት። «ይህ ለኔ አይሆንም» ማለት የቻለች የ14 ዓመት ልጅ፣ እርስዎ በሌሉበትም ሪሞቱን መያዝ ችላለች ማለት ነው። ደብቃ ማየቷን ከመጠበቅ ይልቅ ይህን ማስተማር ይበልጣል፤ ስልኳን ከመቀማትም ይሻላል።

ሌሎቻችሁም የልጆቻችሁን የፊልም ጥያቄ ላኩልን። ቸር ያሰንብተን።